ዊልሄልም ማይባክና ካርቡራቶሩ

ከስድስት ኪሎ በር ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። የሽሮ ሜዳ የሸማኔዎች ሱቅ፥ የቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎችና የብረት ሠሪዎች መንደር፥ ከዚያም ወዲያ በጉለሌ ሠፈሮች ከመንገድ ዳር የሚገኙት ጋራዦች ሁሉ ከንባብ ክፍላችን በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ሆኖም እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች በእነዚህ ሠፈሮች የምናልፈው ለመተላለፊያ ያህል እንጂ አንድ ነገር እንማርባቸዋለን ብለን አልነበረም።

አንድ ቀን ግን አንድ ጓደኛችን ከአጎቱ የተዋሳት አሮጌ የጣሊያን መኪና ዳገቱን መውጣት አቃታት። መኪናዋ ባለ ሁለት ካርቡራቶር ናት፤ በወጣትነቷ ዘመን በመንገድ ላይ የሚቀድማት አልነበረም ይባላል። በዚያን ቀን ግን እያሳላት፥ ጥቁር ጢስ እየተፋች፥ በሁለተኛ ማርሽ እንኳ አልሄድ አለች። ገፍተን ገፍተን ጉለሌ ውስጥ ወዳለ አንድ ጋራዥ አደረስናት። የጋራዡ ባለቤት፥ ሁላችንም ጋሼ እያልን የጠራናቸው ሽማግሌ፥ ሞተሩን ገና ሳይከፍቱ ከማርሚታው የሚወጣውን ጢስ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷን ካንዴላ ፈትተው ጥቀርሻ የለበሰውን ጫፏን አሳዩንና መኪናዋ የምትጠጣው ቤንዚን ከምትተነፍሰው አየር ጋር እንዳልተመዛዘነ ነገሩን። ቀጥለውም ካርቡራቶሩን ፈትተው በጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። እኛም ስለ አቴና ፈላስፎችና ስለ ፈረንሳይ አብዮት ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር የምናድር ሰዎች፥ ስለዚያች ከእጅ መዳፍ እምብዛም ስለማትበልጥ ዕቃ አንዲት ቃል መናገር አቃተን። ከእኛ አንዱ ይህን ነገር መጀመሪያ ያሰበው ማን እንደሆነ ጋሼን ጠየቃቸው። ስሙን እንደማያውቁት፥ ነገር ግን ከብዕር በፊት ሞረድ የያዘ ሰው መሆን እንዳለበት መለሱልን።

ይህን መልስ ይዘን ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ያገኘነውንም ለአንባቢዎቻችን እነሆ እናቀርባለን። ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዊልሄልም ማይባክ በ1846 በደቡብ ጀርመን በዊርትምበርግ ግዛት፥ በሃይልብሮን ከተማ ተወለደ። አባቱ አናጢ ነበር። ልጁ 10 ዓመት ሲሆነው እናትና አባቱ ሁለቱም ሞተው እርሱና አራት ወንድሞቹ ያለ አሳዳጊ ቀሩ። በዚያን ጊዜ ጉስታፍ ቬርነር የተባለ የፕሮቴስታንት ሰባኪ በሮይትሊንገን ከተማ ድኾችንና ወላጅ የሌላቸውን ልጆች የሚሰበስብበት ተቋም ነበረው፤ ስሙም ብሩደርሃውስ፥ ማለት የወንድሞች ቤት ይባል ነበር። ማይባክ እዚያ ተሰጠ። ይህ ቤት ልጆችን አብልቶ አልብሶ ብቻ የሚያሳድር አልነበረም፤ የራሱ የማሽን መሥሪያ ሱቆች ስለነበሩት ልጆቹ እዚያው ሙያ ይማሩ ነበር። ማይባክ እጁ ለሥዕል የተፈጠረ መሆኑ ስለታወቀ በ15 ዓመቱ ገደማ የማሽን ንድፍ ከሚነደፍበት ክፍል ገባ። ቀን እየሠራ ማታ ማታ ፊዚክስ፥ ሒሳብና የውጭ ቋንቋዎች ተማረ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም።

በ1860ዎቹ ዓመታት መካከል ጎትሊብ ዳይምለር የተባለ መሐንዲስ የዚህን ቤት የማሽን ፋብሪካ እንዲመራ መጣ። ዳይምለር ከማይባክ በ12 ዓመት ይበልጣል። ዝምተኛውን ወጣት ከንድፍ ጠረጴዛው ላይ አየው፤ ከዚያ በኋላ ሞት እስኪለያቸው ድረስ የሁለቱ ሥራ ተለያይቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ዳይምለር ወደ ካርልስሩኸ ሲሄድ ማይባክ በ1869 ተከተለው። በ1872 ዳይምለር በኮሎኝ አጠገብ በዶይትዝ ያለውን የኒኮላውስ ኦቶን የጋዝ ሞተር ፋብሪካ እንዲመራ ሲጠራ ማይባክም አብሮት ሄዶ ወዲያው የንድፍ ክፍሉ ኃላፊ ሆነ። በዚህ ፋብሪካ በ1876 ኦቶ በአራት ምት የሚሠራውን ሞተር አወጣ። ሞተሩ መሳብ፥ መጭመቅ፥ ማቃጠልና ማስወጣት የሚባሉትን አራቱን ምቶች በተራ ይፈጽማል። ዛሬም በቤንዚን የሚሄድ መኪና ሁሉ የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው። የኦቶ ሞተር ግን ትልቅና ከባድ፥ ከመሬት ጋር የታሠረ፥ የከተማ ጋዝ የሚጠጣና በደቂቃ ከ180 ጊዜ የማይበልጥ የሚዞር ነበር። ፈረስ በሌለው ሠረገላ ላይ የሚጫን አልነበረም።

ዳይምለር ከፋብሪካው ባለቤቶች ጋር ተጋጭቶ በ1882 ወጣና በሽቱትጋርት አጠገብ በካንሽታት ቤት ገዛ። ማይባክ አሁንም ተከተለው። ሁለቱ በአትክልቱ ቦታ ባለች ትንሽ ቤት በራቸውን ዘግተው ሌት ተቀን ይሠሩ ነበር። ሌሊት የሚሰማው የብረት ድምፅ የአትክልተኛውን ጥርጣሬ ስላነሣሣው ሐሰተኛ ገንዘብ ይሠራሉ ብሎ ለፖሊስ ነገረ፤ ፖሊስም ገብቶ ቢፈትሽ ያገኘው ሞተር ብቻ ነው ተብሎ ይነገራል። በ1883 በደቂቃ 600 ጊዜ የሚዞር ቀላል ሞተር አወጡ። በ1885 በእንጨት ብስክሌት፥ በ1886 ደግሞ በሠረገላ ላይ ተከሉት። በዚሁ ዘመን በማንሃይም ከተማ ካርል ቤንዝ ለብቻው ባለ ሦስት እግር አውቶሞቢሉን ይሠራ ነበር።

ነገር ግን አንድ ከባድ ችግር ገና አልተፈታም ነበር። ቤንዚን ፈሳሽ ሆኖ ሳለ አይፈነዳም፤ ከአየር ጋር በልክ መደባለቅ አለበት። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። አየሩ ቢያንስ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ጥቀርሻና ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ አየሩ ቢበዛ ሞተሩ ይደክማል፥ ከልክ በላይም ይሞቃል። በዚያን ጊዜ የነበሩት መሣሪያዎች አየርን በቤንዚን ላይ እያሳለፉ ተኑን የሚወስዱ ሣጥኖች ነበሩ። ቀኑ ሲቀዘቅዝ ተኑ ያንሳል፤ ሲሞቅ ይበዛል፤ ቀላሉ የቤንዚን ክፍል ቀድሞ ተንኖ ሲያልቅ ከታች የሚቀረው ከባዱ አልነሣም ይላል። መንገዱ ሲያናውጠውም ሁሉም ነገር ይበላሻል። እንዲህ ባለ ሣጥን የሚመገብ ሞተር ኃይሉ የሚታመን አልነበረም።

ዳይምለር በ1890 ከባለ ገንዘቦች ጋር ሆኖ የዳይምለር ሞተር ኩባንያን አቋቋመ። ባለ ገንዘቦቹ ለማይባክ ያቀረቡለት የሥራ ውል የማይቀበለው ዓይነት ስለነበረ በ1891 መጀመሪያ ኩባንያውን ትቶ ወጣ። ዳይምለርም ከሸሪኮቹ ጋር ስላልተስማማ ለማይባክ ከራሱ ኪስ ገንዘብ እየሰጠ ሥራው እንዲቀጥል አደረገ። ማይባክ በካንሽታት በነበረ ሄርማን በተባለ ሆቴል ጭፈራ ይጨፈርበት በነበረው አዳራሽ ጥቂት ሠራተኞችን ይዞ ገባ። በ1893 የሚረጨውን ካርቡራቶር ያወጣው እዚህ ነው።

የሐሳቡ መሠረት ቀላል ነው። ወንዝ ሰፊ ሜዳ ላይ ዝግ ብሎ ሄዶ በጠባብ ገደል መካከል ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል። አየርም እንዲሁ ነው፤ በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፥ ሲፈጥንም ግፊቱ ይቀንሳል። በዚህ ጉሮሮ መካከል አንዲት ቀጭን ቀዳዳ ያላት ቧንቧ ብትቆም፥ ከውጭ ያለው አየር ቤንዚኑን ገፍቶ በቀዳዳዋ በኩል እንደ ሽቶ መርጫ ያስረጨዋል። ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ብዙ ቤንዚን፥ ጥቂት ሲስብ ጥቂት ቤንዚን ይመጣለታል። ቤንዚኑ ሁልጊዜ በአንድ ልክ እንዲቆም ደግሞ ማይባክ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ተንሳፋፊ አኖረ፤ ይህም በቤታችን የውኃ ታንከር ውስጥ ውኃው ሲሞላ መግቢያውን እንደሚዘጋው ተንሳፋፊ ነው። እውነቱን ለመናገር፥ በሃንጋሪ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች በዚያው በ1893 ከማይባክ ጥቂት ወራት ቀድመው ተመሳሳይ መሣሪያ አስመዝግበዋል። ሆኖም ፈጣን ከሆነው ሞተር ጋር አስማምቶ በመላው ዓለም ያሠራጨው የማይባክ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የቤንዚን መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ መንገድ ሲተነፍስ ኖሯል።

በ1895 ሁለቱም በክብር ወደ ኩባንያው ተመለሱ፤ ማይባክም የቴክኒክ ክፍሉ አለቃ ሆነ። ዳይምለር ግን ታሞ ነበርና በመጋቢት 1900 ሞተ። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አገር በኒስ ይኖር የነበረ ኤሚል የሊኔክ የተባለ ሀብታም ነጋዴ 36 መኪናዎችን በአንድ ጊዜ አዘዘ። ትእዛዙ ግን መኪናዋ ከፊተኞቹ ሁሉ የፈጠነች፥ ዝቅ ያለችና ረዘም ያለች እንድትሆን፥ በልጁም በመርሴዴስ ስም እንድትጠራ ነበር። ማይባክ ነደፋት። ሞተሯ አራት ሲሊንደር፥ ጉልበቷ 35 የፈረስ ጉልበት ነበር። የሞተሩን ውኃ የሚያቀዘቅዘው የንብ እንጀራ የሚመስለው ራዲያተርም የእርሱ ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ጥንድ ሲሊንደርም አንድ አንድ፥ በጠቅላላው ሁለት ካርቡራቶር ሰጣት። በመጋቢት 1901 በኒስ በተደረገው የእሽቅድምድም ሳምንት ይህች መኪና ሌሎቹን ሁሉ ወደ ኋላ ጥላ ሄደች። ከሁሉ የሚገርመው ግን እሽቅድምድሙ ሲያበቃ የኋላ መቀመጫ ተጨምሮላት ቤተሰብ ይዛ በከተማ መንገድ የምትሄድ መሆኗ ነው። ለእሽቅድምድም የሚያበቃ ኃይል ያላት የመንገድ መኪና በዓለም ላይ የታየችው ያን ጊዜ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ፈረንሳዮች ማይባክን የነዳፊዎች ንጉሥ ብለው ጠሩት። በመኪናዋ ላይ የተጻፈው ስም ግን የነጋዴው ልጅ ስም ነው።

ዳይምለር ከሞተ በኋላ ለማይባክ የሚቆምለት ሰው አልነበረም። በኩባንያው ውስጥ እየተገፋ፥ ሥራው ለሌሎች እየተሰጠ ሄዶ በ1907 በ61 ዓመቱ ትቶ ወጣ። በ1909 ከካውንት ዜፔሊን ጋር ተስማምቶ ለአየር መርከቦች ሞተር የሚሠራ ኩባንያ ተቋቋመ፤ መሪውም ልጁ ካርል ማይባክ ሆነ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካርል በአባቱ ስም የሚጠሩ እጅግ ውድ መኪናዎች ሠራ። ይህ ስም በ2002 እንደገና ተነሥቶ ዛሬም በባለጸጎች መኪና ላይ ይታያል። የማሳደጊያው ልጅ ስም በዓለም ላይ ውድ ከሚባሉት መኪናዎች በአንዱ ላይ መጻፉ የታሪክ ቀልድ ይመስለናል። ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ማይባክ በ1916 ከሽቱትጋርት የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተቀበለ። በታኅሣሥ 29 ቀን 1929 በ83 ዓመቱ ሞቶ በካንሽታት ዳይምለር በተቀበረበት መካነ መቃብር ተቀበረ።

አሁን ወደ ጉለሌው ጋራዥ እንመለስ። ማይባክ ካርቡራቶሩን የሠራው ከባሕር ወለል 200 ወይም 300 ሜትር ያህል ከፍ በሚል አገር ነው። ጉለሌ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጉሮሮው ያው ነው፥ ፒስተኑም የሚስበው መጠን ያው ነው፤ በዚያ መጠን ውስጥ ያለው አየር ግን ሳስቷል። ቤንዚኑ ግን አየሩ በቀነሰበት ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ለባሕር ዳር የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። የጓደኛችን መኪና በሽታም ይኸው ነበር።

ጋሼ መድኃኒቱን በፊታችን ሠሩት። መጀመሪያ ተንሳፋፊውን አይተው የቤንዚኑን ልክ መረመሩ። ቀጥለው በሁለቱም ካርቡራቶሮች ውስጥ ያሉትን የዋናውን ቤንዚን ማሳለፊያ ትናንሽ የናስ ብሎኖች አውጥተው ቀዳዳቸው ጠበብ ያለ ሌሎች አስገቡ። ሚኒሞውን በካቻቢቴ ማስተካከል ብቻ በቂ እንዳልሆነ፥ ያ ብሎን የሚያዝዘው መኪናዋ ቆማ ስትሠራ እንጂ ዳገት ስትወጣ እንዳልሆነ አስረዱን። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቀው የሚኒሞውን ብሎን ሞተሩ ሊንገዳገድ እስኪል አጠበቁ፤ ከዚያ ድምፁ እስኪለሰልስ መልሰው አላሉት። በመጨረሻም አንድ ቀጭን የጎማ ቱቦ አንሥተው አንዱን ጫፍ በጆሯቸው፥ ሌላውን በአንደኛው ካርቡራቶር አፍ አስጠጉ፤ ቀጥሎም በሁለተኛው። ሁለቱ እኩል እስኪተነፍሱ ድረስ በመካከላቸው ያለውን ማገናኛ ጥቂት በጥቂት አስተካከሉ። እኛም በተራ አዳመጥን። አንዱ ከሌላው ጎላ ብሎ ሲያፏጭ፥ ከዚያም ሁለቱ በአንድ ድምፅ ሲተነፍሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማን። መኪናዋን እንጦጦ ድረስ ነድተን ስንመለስ ካንዴላዋ ተፈትታ ታየች፤ ጥቁሩ ጠፍቶ የገብስ ቆሎ መልክ ይዛ ነበር። ጋሼ የወጡትን ብሎኖች በጣሳ አድርገው ሰጡንና ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ የምንወርድ ከሆነ መልሰን እንድናስገባቸው አስጠነቀቁን። ለጉለሌ የተስተካከለች መኪና በቆላ ወፍራም አየር ቤንዚን አንሷት ቫልቮቿ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ሒሳብ ከፍለን ልንሄድ ስንል ጋሼ ይህን ሁሉ የት እንደተማሩ ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ብለው አባታቸው በቀጨኔ ብረት ሠሪ እንደነበሩ፥ እርሳቸውም አራተኛ ክፍል ሳሉ አጠገባቸው የሚቀመጥ ልጅ ስለጠፋ ትምህርቱን ትተው ከአባታቸው ወናፍ አጠገብ እንደተቀመጡ ነገሩን። ምክንያቱን አላብራሩልንም። ማብራራትም አያስፈልግም ነበር። ብረት የሚቀጠቅጥን፥ ሸክላ የሚሠራን፥ ሸማ የሚሸምንን ሰው በምን ስም እንደምንጠራ ሁላችንም እናውቃለን።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጀዋል። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በብዙ ድካም የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ለንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ አስገባ። መኪናዋና አዋጁ በአንድ ዓመት መጡ ማለት ነው። መኪናዋን ተቀበልን፤ አዋጁን ግን ገና በልባችን አላስገባነውም።

ከእኛ አንዳንዶቹ ይህ ሁሉ የአለፈ ነገር ነው ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፥ ካርቡራቶር በአዳዲስ መኪናዎች ቤንዚንን በኮምፒዩተር ለሚረጭ መሣሪያ ቦታውን ከለቀቀ ቆይቷል። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና የጉለሌ ከፍታ አያደክመውም። የጋሼ የጎማ ቱቦ አንድ ቀን ሥራ ፈት ይሆናል። ነገር ግን የሚመጣውንም መሣሪያ ፈትቶ የሚገጥም እጅ ያስፈልጋል፤ ያ እጅ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል ተባሮ እንዲወጣ ከተደረገ የምንጎዳው ሁላችን ነን።

ማይባክን ማይባክ ያደረገው ልዩ ተአምር አይደለም። አባትና እናት የሌለውን ልጅ ተቀብሎ የንድፍ ጠረጴዛ ፊት ያስቀመጠው አንድ ቤት ነው፤ ቀጥሎም ችሎታውን አይቶ አብሮት የሠራ አንድ ሰው ነው። ቀጨኔ ከዩኒቨርሲቲያችን በር የግማሽ ሰዓት መንገድ አይሆንም። ስለዚህ ለኅብረታችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን፤ በሚቀጥለው የንግግር ፕሮግራማችን ላይ ጋሼን እንጋብዛቸው። ካርቡራቶሩን ይዘው መጥተው በአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ይፍቱልን። እኛም ከፊተኛው ረድፍ፥ አጠገባቸው እንቀመጥ።